አንጋፋው ነጋዴና የእጅ ስልኩ፦ ገበያው ወደ ስልክ ሲገባ አዛውንቱ የት ይቆማል?

በሶማሌ የግመልና የከብት ገበያዎች ዋጋ የሚቆረጠው በአፍ ብቻ አይደለም። ገዢውና ሻጩ፣ በመካከላቸውም ደላላው፣ እጃቸውን በሽርጥ ወይም በኩታ ጫፍ ሸፍነው በጣት ይነጋገራሉ። ዙሪያውን የቆመው ሰው ስንት እንደተባለ አያውቅም። ዘዴው ፊደል መቁጠርን፣ የጠራ ዓይንንም ሆነ ባትሪን አይጠይቅም። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ሰውየው ይበልጥ ይካንበታል።

ድርድሩ በብዙ ቦታ ዛሬም እንዲሁ ነው፤ የተለወጠው ከተጨባበጡ በኋላ ያለው ነው። በኬንያ ኤም ፔሳ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ በሶማሊላንድ ዛድ በ2009 ተከተለ። በኢትዮጵያ ቴሌብር በ2021 ተጀመረ፤ ኤም ፔሳም በ2023 ገባ። ዛሬ የሰንጋው ዋጋ፣ የጭነት መኪናው ኪራይ፣ የእረኛው ደመወዝና የመኖ ሂሳብ ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል። የዋጋ ወሬ፣ የዝናብ ትንበያ፣ የመድን ምዝገባ እንኳ በስልክ እየሆነ ነው።

በአካባቢያችን ግን የመንጋው ባለቤት፣ የሚሸጠውንና የሚቀረውን የሚወስነው፣ የገበያው ዋስና ምስክር አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፋው ሰው ነው። ውሳኔው በእሱ እጅ፣ ስልኩ በልጅ ልጁ እጅ ሲሆን ምን ይፈጠራል? ይህ ጽሑፍ አዛውንቶች ከአዲስ ቴክኖሎጂ ጋር ስላላቸው ግንኙነት የተሠሩ ዋና ዋና ጥናቶችን ይዳስሳል፤ ለአርቢው፣ ለነጋዴው፣ ለማኅበራትና ለክፍያ ወኪሎች ምን እንደሚሉም ያያል።

ዕድሜው ነው ወይስ ፍርሃቱ?

በዚህ ዘርፍ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሣ ተመራማሪዎች አንዷ አሜሪካዊቷ ፕሮፌሰር ሳራ ቻያ ናቸው። ለረጅም ዓመታት በማያሚ ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላም በዊል ኮርኔል የሕክምና ትምህርት ቤት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከሌሎች ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ስለ እርጅናና ቴክኖሎጂ የሚያጠና ክሪዬት የተባለ የጋራ ማዕከል መሠረቱ።

ማዕከሉ በ2006 ያወጣው አንድ ጥናት እስከ ዛሬ በብዙዎች ይጠቀሳል። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 91 የሆኑ 1,204 ሰዎች ተካፍለውበታል። ተመራማሪዎቹ የሰዎቹን የማስታወስና የማገናዘብ ችሎታ፣ በራሳቸው ላይ ያላቸውን እምነት፣ በኮምፒውተር ላይ ያላቸውን ፍርሃት ለክተው ከአጠቃቀማቸው ጋር አመሳከሩት። አዛውንቶች በአጠቃላይ ከወጣቶች ያነሰ ይጠቀማሉ፤ ይህ የሚጠበቅ ነበር። ዋናው ግኝት ግን ዕድሜ ተጽዕኖውን የሚያሳድረው በሌሎች ነገሮች በኩል አልፎ መሆኑ ነው። እነሱም አዲስን ነገር ቶሎ የማገናዘብ ችሎታ፣ በዕድሜ የተጠራቀመ ዕውቀት፣ «እችለዋለሁ» የሚል እምነትና «አበላሸው ይሆን» የሚል ፍርሃት ናቸው።

ልዩነቱ ለሥራችን ትልቅ ትርጉም አለው። ችግሩ ዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ መፍትሔ አይኖረውም፤ የሰውን ዓመት መቀነስ አይቻልምና። ፍርሃትና በራስ አለመተማመን ግን በሥልጠናና በልምምድ ይቀንሳሉ። ፍጥነቱ የቀነሰ አእምሮም ጊዜ ከተሰጠው ይማራል። በዕድሜ የተጠራቀመው ዕውቀት ደግሞ አንጋፋው ነጋዴ ከማንም የማይተናነስበት ሀብት ነው። የሰንጋን ክብደት በዓይኑ ገምቶ ከሚዛኑ ብዙ የማይርቅ ሰው «ሰባት ቁጥሮችን በቅደም ተከተል መንካት አይችልም» ማለት አስቸጋሪ ነው።

ጥቅሙን ያላየ አይቀበልም

ሌላው የተለመደ አስተያየት «ሽማግሌዎች አዲስ ነገር አይወዱም» የሚል ነው። በዚያው ዓመት በ2006 የሆላንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ይህን ይሞግታል። አዛውንቶች አዲስ መሣሪያን የሚተዉት በዋናነት ከባድ ወይም ውድ ስለሆነባቸው ሳይሆን ለእነሱ የሚሰጠው ጥቅም ስላልታያቸው መሆኑን አሳይቷል። ጥቅሙ ከታያቸው ድካሙን ይቀበሉታል፤ ካልታያቸው ግን ነገሩን ማቅለል ብቻውን አያመጣቸውም።

በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት 113 አዛውንቶችን በቡድን አወያይቶ ስለ ቴክኖሎጂ የሚሰማቸውን ጠየቀ። ከቅሬታው ይልቅ የወደዱትን ነገር ይበልጥ ያነሱ ነበር። ቅሬታቸውም ቢሆን የተጨበጠ ነበር፤ አላስፈላጊ ነገር መብዛቱን፣ ለደህንነት መሥጋታቸውንና ነገሩ አለመመቸቱን ያነሱ ነበር።

ወደ ገበያችን ስናመጣው እንዲህ ነው። ለአንድ አዛውንት አርቢ «ዘመናዊ ሁን፣ ዲጂታል ሁን» ቢሉት ስለ እሱ ምንም አልነገሩትም። «ከገበያ ስትመለስ የአሥር ፍየል ገንዘብ በኪስህ ይዘህ በሌሊት መንገድ አትሄድም» ቢሉት ግን ያዳምጣል፤ ይህ አደጋ በዕድሜው ሙሉ የሚያውቀው ነውና። «ልጅህ ከናይሮቢ ወይም ከጂዳ የላከልህን በራስህ እጅ ትቀበላለህ» ቢሉትም እንዲሁ።

የአዮዋ ገበሬዎች ያስተማሩት

ዕድሜና አዲስ ዘዴ ሲነሡ የግብርናው ዓለም የራሱ የቆየ ምሳሌ አለው። ብራይስ ራያንና ኒል ግሮስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተሙት ጥናት፣ በአዮዋ ግዛት የሚኖሩ 259 ገበሬዎች የተዳቀለ የበቆሎ ዘርን እንዴት እንደተቀበሉ መረመሩ። ቀድመው የተቀበሉት በአብዛኛው ወጣቶቹና የተማሩት ነበሩ፤ አዛውንቶቹ ዘግይተዋል። ነገር ግን በ13 ዓመት ገደማ ውስጥ ከ259ኙ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ሁሉም ተቀበሉት። ስለ ዘሩ መኖር ብዙዎቹ የሰሙት ከነጋዴ ወኪሎች ነበር፤ እንዲሞክሩት ያሳመናቸው ግን ጎረቤታቸው ነው።

በዚያው በአዮዋ በእርሻ ቤት ያደገው ኤቨሬት ሮጀርስ በ1962 ያሳተመው ስለ አዳዲስ ነገሮች መዛመት የሚተነትነው ታዋቂ መጽሐፍ ይህንኑ ጥናት አንዱ መሠረቱ አድርጓል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ማስታወቂያ ወሬውን ያደርሳል፣ እምነቱን የሚያመጣው ግን እኩያ ነው። ለሰባ ዓመቱ አርቢ ከሃያ ዓመቱ የሽያጭ ወኪል ይልቅ በአንድ የውኃ ጉድጓድ የሚያጠጣው እኩያው ይበልጥ ያሳምነዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መነጽር

ስለ ቴክኖሎጂ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ዓይን ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርቡን አጥርቶ ማየት እያዳገተ ይሄዳል፤ ይህ በሽታ ሳይሆን ሁሉንም የሚያገኝ ለውጥ ነው። ሩቅ ያለውን ግመል ከሌላው መንጋ ለይቶ የሚያይ ሰው በመዳፉ ላይ ያለውን ቁጥር ላያይ ይችላል። ቁጥሩን ስላላየ «አልችልም» ይላል፤ ቤተሰቡም «አረጀ» ይላል።

የንባብ መነጽር ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በጥናት ተለክቷል። በ2018 በታተመ ጥናት በሕንድ አሳም ግዛት ዕድሜያቸው 40ና ከዚያ በላይ የሆኑ 751 የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ተሳተፉ። መነጽር ያገኙት ምርታማነታቸው ካላገኙት በ21.7 በመቶ በልጦ ተገኘ። በ2024 የወጣው የባንግላዲሽ ጥናት ደግሞ ገቢን ለካ፤ መነጽር የተሰጣቸው ሰዎች መካከለኛ የወር ገቢ ካልተሰጣቸው በ33 በመቶ ገደማ ከፍ ብሏል። እነዚህ ጥናቶች ስለ ስልክ አልነበሩም፤ ግን ቅጠልን ለይቶ መቅጠፍና ቁጥርን ለይቶ መጫን የሚጠይቁት ዓይን አንድ ነው። ለአዛውንቶች የስልክ ሥልጠና የሚያዘጋጅ ማኅበር ከወረቀትና ከብዕር በፊት ልዩ ልዩ ኃይል ያላቸው ጥቂት የንባብ መነጽሮች ቢይዝ ከግማሽ በላይ መንገድ ሄደ ማለት ነው።

ከዓይን ቀጥሎ ጣት አለ። ዕድሜ ልኩን ገመድ የሳበ፣ ውኃ የቀዳ፣ እንጨት የቆረጠ እጅ ቆዳው የጠነከረ ነው፤ የንክኪ ስልክ ሁልጊዜ አይሰማውም። ለእንዲህ ያለው ሰው ቁልፍ ያለው ርካሽ ስልክ ከውዱ ስማርት ስልክ የተሻለ ሊሆን ይችላል። የገንዘብ ዝውውሩ በአጭር ቁጥር ስለሚሠራ ኢንተርኔትም አያስፈልገውም።

ዳጉ፣ ሳሃን፣ አቡሩ

አርብቶ አደሩ ለመረጃ አዲስ አይደለም። አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቁጭ ብለው የሚለዋወጡት ዳጉ የዝናቡን፣ የግጦሹን፣ የገበያውንና የሰላሙን ወሬ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ያደርሳል። ሶማሌዎች ግጦሽ እንዲሰልል የሚልኩት ሰው ሳሃን ይባላል፤ ቦረናዎች ደግሞ አቡሩ ይልካሉ። በእነዚህ ሥርዓቶች ወሬ ብቻውን አይበቃም። በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ? ከማን? መቼ? ተብሎ ይጠየቃል። በዳጉ ሐሰት መናገር ያስወቅሳል፤ የተናጋሪውንም ክብር ይነካል።

አዛውንቱ በስልክ የመጣን ወሬ ቶሎ አለማመኑ እንግዲህ ኋላ ቀርነት አይደለም። ያደገበት ሥርዓት ያስተማረው ጥንቃቄ ነው። በየመልእክት ሳጥኑ «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል ማታለያ በሚመላለስበት ዘመን ይህ ጥንቃቄ ለወጣቱም ይበጀዋል።

ንድፍና ልማድ ሲጣረሱ ምን እንደሚሆን ሱዛን ዋይክና ቻርልስ ስታይንፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች በምዕራብ ኬንያ አይተዋል። ኤም ፋርም የተባለው አገልግሎት የገበያ ዋጋን በስልክ ለገበሬዎች ያቀርብ ነበር። በ2016 በወጣው ጥናታቸው መሠረት ግን አነስተኛ ገበሬዎቹ ብዙም አልተጠቀሙበትም፤ አገልግሎቱ የተነደፈበት መንገድና ገበሬዎቹ ስለ ስልካቸው ያላቸው ግንዛቤ አልተገጣጠሙም ነበር። ስልክ ማለት ከምታውቀው ሰው ጋር መነጋገሪያ ለሆነለት ሰው፣ ከማይታወቅ ቁጥር የሚመጣ የጽሑፍ ዋጋ ባዕድ ነው።

ድምፅ ግን ይቀርባል። በኢትዮጵያ በ2014 የተጀመረው የ8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር የግብርና ምክርን በነፃ በተቀዳ ድምፅ ያሰማል፤ ማንበብ የማይችል ሰውም ደውሎ ያዳምጣል። በማኅበራዊ መገናኛዎች የሚላከው የድምፅ መልእክትም ከዳጉ ብዙም አይርቅም፤ የተናጋሪውን ድምፅ ታውቀዋለህ፣ ደግመህ ትሰማዋለህ፣ ትጠይቀዋለህ።

ስማርት ስልክ ያላቸውም አማራጮች አሏቸው። አፍሪስካውት የሳተላይት የግጦሽ ካርታን ለኢትዮጵያ፣ ለኬንያና ለታንዛኒያ አርብቶ አደሮች ያቀርባል። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ያለማው ካዝኔት ደግሞ በሰሜን ኬንያና በደቡብ ኢትዮጵያ አርብቶ አደሮች ራሳቸው የገበያና የግጦሽ መረጃ ሰብስበው እንዲልኩ፣ ለድካማቸውም እንዲከፈላቸው ያደርጋል። ካርታው «እዚያ አረንጓዴ አለ» ሊል ይችላል። ሣሩ ከብት የሚበላው መሆኑን፣ ውኃው መኖሩን፣ መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ከባለቤቶቹ ጋር ሰላም መኖሩን የሚያውቀው ግን ሽማግሌው ነው። ስልኩ የሚጠቅመው ወጣቱ ካርታውን አዛውንቱ ፊት አስቀምጦ አብረው ሲመክሩበት ነው።

የሚስጥር ቁጥሩ በማን እጅ ነው?

ትልቁ ጉዳይ የገንዘብ ሥልጣን ነው። አንድ አዛውንት ሁለት ወይፈን ሸጠ እንበል። ገዢው በስልክ ከፈለው። ስልኩ በአዛውንቱ ስም ነው፤ የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቀው ግን የልጅ ልጁ ነው። ልጁ ታማኝ ከሆነ ችግር የለም። ታማኝ ቢሆንም እንኳ ሲታመም፣ ለትምህርት ሲሄድ ወይም ሲሰደድ አዛውንቱ የገዛ ገንዘቡን ማውጣት አይችልም። ታማኝ ካልሆነ ደግሞ አዛውንቱ ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ አያውቅም። ቀድሞ ብሩን ቆጥሮ በወገቡ የሚያስር ሰው አሁን «ገብቷል» የሚል ቃል ብቻ ይዞ ይቀራል።

ለአሮጊቶቹ ጉዳዩ ይከብዳል። በአካባቢያችን ፍየሉ፣ በጉና ወተቱ ብዙ ጊዜ የሴቶች ገቢ ነው። የስልክ ባለቤትነት ግን በሴቶች ዘንድ ከወንዶች ያነሰ ነው። የወተቱ ዋጋ በባል ወይም በልጅ ስልክ ሲገባ ቀድሞ በእጇ የነበረው ገንዘብ ሳይታወቅ የሌላ ሰው ይሆናል።

በመድን በኩልም ያው ነው። ግጦሽ መድረቁን በሳተላይት ለይቶ ካሳ የሚከፍለው የእንስሳት መድን እ.ኤ.አ. በ2010 በኬንያ ማርሳቢት፣ በ2012 ደግሞ በቦረና ተጀመረ። ሥራውን የመሩት ኬንያዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ አንድሩ ሙዴ በ2016 የኖርማን ቦርሎግ የመስክ ምርምር ሽልማትን አግኝተውበታል። ከ2022 ጀምሮም በዓለም ባንክ የሚደገፈው ድራይቭ የተባለ ፕሮጀክት መድንንና ቁጠባን በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በሶማሊያና በጅቡቲ ለማስፋት እየሠራ ነው፤ ክፍያዎች በዲጂታል መንገድ እንዲያልፉም ያበረታታል። ካሳው በድርቅ ወቅት መኖ ገዝቶ መንጋውን ለማትረፍ የታሰበ ነው። ገንዘቡ ስልክ ውስጥ ገብቶ የሚስጥር ቁጥሩ የጠፋ እንደሆነ ግን ከብቱ አይጠብቅም።

እንዴት እናስተምር?

ከጥናቶቹና ከገበያው ልማድ በመነሣት ማኅበራት፣ ወኪሎችና ቤተሰቦች ሊሠሩባቸው የሚችሉ ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦

1. ስልኩ በአዛውንቱ እጅ ይሁን። «አምጣ ላሳይህ» ብሎ ነጥቆ በፍጥነት መነካካት ማስተማር አይደለም። እጁ ያልሠራውን ጣቱ አያስታውስም።

2. በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ። መጀመሪያ ቀሪ ሂሳብ ማየት፣ ሲለምደው መቀበል፣ ከዚያ መላክ። ከስህተት ፍርሃት የሚላቀቀው በትንሽ ገንዘብ ደጋግሞ ሲሞክር ነው።

3. በሚያውቀው ሥራ ይጀመር። «አሥር ብር ላክ» ከማለት «ለእረኛህ የስልክ ካርድ ሙላለት» ይሻላል፤ ጥቅሙን ወዲያው ያየዋል።

4. አስተማሪው እኩያ ይሁን። በየገበያው ቀድመው የለመዱ አንድ ሁለት አዛውንት ነጋዴዎች አይጠፉም። ማኅበሩ ለእነሱ የውሎ አበል ቢከፍል ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጣል።

5. የሚስጥር ቁጥር የግል ነው። የልደት ዓመትን ወይም 1234ን መጠቀም አደገኛ ነው። ለአዛውንቱ የሚቀለው በልቡ የሚያውቀው፣ ሌላ ሰው ግን የማይገምተው ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ የአንድ የታወቀ ሽያጭ ዋጋ። ማንም ሰው፣ የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ የሚል ጭምር፣ ቁጥሩን በስልክ ቢጠይቀው መዝጋት ነው።

6. ከብቱ ከመነዳቱ በፊት ሂሳቡ ይታይ። ከገዢው ስልክ ላይ የሚታይ መልእክት ማስረጃ አይደለም። ሻጩ በራሱ ስልክ ቀሪ ሂሳቡን አይቶ ከጨመረ ብቻ ገመዱን ያስረክብ። ይህን የገበያው ሽማግሌዎች ደንብ ቢያደርጉት የብዙ ጠብ በር ይዘጋል።

«ያልተማረ ሰው እንዴት ይችላል?» የሚል ካለ የኒጀርን ልምድ ይመልከት። ጄኒ አከርና ባልደረቦቿ በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ማንበብና መጻፍ የሚማሩ ጎልማሶች በተራ የእጅ ስልክ እንዲለማመዱ በተደረገባቸው መንደሮች የተማሪዎቹ የንባብና የሂሳብ ውጤት ያለ ስልክ ከተማሩት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ፊደልና ስልክ እንግዲህ ይደጋገፋሉ፤ አንዱ እስኪያልቅ ሌላው አይጠበቅም።

ፕሮፌሰር ቻያና ባልደረቦቻቸው በ2018 ያወጡትም መጨረሻ ላይ መነሣት አለበት። ብቻቸውን ለሚኖሩ 300 አዛውንቶች ተብሎ የተቀለለ የኮምፒውተር ሥርዓት ቀርቦ ከሥልጠና ጋር በሙከራ ተፈተሸ። ከስድስት ወር በኋላ ኮምፒውተሩን ያገኙት የብቸኝነት ስሜታቸው ቀንሶ፣ የሚደግፋቸው ሰው እንዳለም ይበልጥ ተሰምቷቸው ነበር። ልጆቹ ወደ ከተማና ወደ ባሕር ማዶ በተበተኑበት በእኛ አካባቢ ይህ ከገንዘቡ ያላነሰ ነገር ነው።

ገበያችን የቆመው በሽማግሌ ቃል ነው። ከብቱ የተሰረቀ አለመሆኑን የሚመሰክረው፣ ዋስ የሚሆነው፣ ጠብ ሲነሣ የሚዳኘው እሱ ነው። የክፍያ ኩባንያዎች፣ መድን ሰጪዎችና የልማት ፕሮጀክቶች አገልግሎታቸውን ሲነድፉ መጀመሪያ በወጣቱ ላይ ሞክረው አዛውንቱን በኋላ ለመድረስ ያስባሉ። መንጋው የማን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። የሰባ ዓመቱ አርቢ ያለ ረዳት የሚጠቀምበት አገልግሎት የሃያ ዓመቱንም አያስቸግረውም።